የአያቱን ሆድ ወረሰ ስንል

ይህ ወረቀት በሹፌሩ በአነስ እጅ እምድብር ደርሶ፣ ከእምድብርም ያቺን ቁልቁለት ወርዶ ደጅዎ ድረስ ሄዶ እርስዎን አባቴን አቶ ወልደሰንበትን ያግኝልኝ።

አባቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ ቀኝ ዓይንዎ ማልቀሱን ተወ ወይ? እማዬስ እንዴት ሰነበተች? ክረምቱ ሲወጣ ወገቤ ይሻለኛል ብላኝ ነበር፤ ተሻላት? እንሰቱ፣ ላሟ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ እዚህ ኮልፌ ሁላችንም አለን። አለን ያልኩት ለወጉ ያህል አይደለም፣ አንድ በአንድ አይቼ ነው። ባለቤቴ ታዲዮስ ሱቅ ነው ያለው፣ ትልቋ ልጄ ሳያት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ወጥ ቤት ናት፣ ቃለጽድቅም እዚሁ ከፊቴ ተቀምጦ የቤት ሥራውን እየሠራ ነው። እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።

ወረቀት የጻፍኩት ስልክ አልቀበል ስላሉኝ ነው። ስደውል እጅዎን እያወዛወዙ የለም በያት ይላሉ አሉ። እማዬ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም፤ አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ የለም በይ እያለኝ ነው ትለኛለች። ልጁ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም። ምግብም እምቢ ብለዋል፤ የልጅ ልጄን በገዛ እጄ ገድዬው ነበር፣ ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ ኮልፌን እረግጣለሁ ብለዋል ተባልኩ። እኔ ይህን የምጽፈው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው፣ ከአነስ ጋር አይሱዙው ላይ ወጥተው፣ እኔ ቤት እንዲመጡልኝ። ምክንያቴን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። መሃል ላይ ተናድደው አጣጥፈው ኪስዎ እንዳይከቱት፤ አነስን አንብበው እስኪጨርሱ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፣ ቢያባርሩህም አትሂድ ብዬዋለሁ።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርዎ። ቃሌ ድኗል። ከሆዱ የወጣው ነገር ለምርመራ ተልኮ ነበር፤ ውጤቱ ባለፈው ሐሙስ መጣ፣ ክፉ በሽታ አይደለም። ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ ዳር ተቀምጦ ያያል። ትናንት ማታ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ከእህቱ ጋር ተጣልቶ፣ ቁስሌን ነካሽኝ ብሎ የሐሰት ጮኸባትና ሪሞቱን ወሰደ። ከዚህ የበለጠ መዳን የለም።

አሁን ከሥሩ ልጀምር። እርስዎ የሰሙት በስልክ እየተቆራረጠ ነው፤ እማዬም የነገርኳትን ግማሹን እያለቀሰች ነው የሰማችው። የቃሌ ሆድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወጣ ያለ እንደነበር ያውቃሉ። ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር። የእኛ ቤት ግን የእርስዎ ቤት ነው። መርካቶ ብርድ ልብስ ሲሸጡ ወልደሰንበት ሱቅ ከመግባቱ በፊት ሆዱ ይገባል እየተባለ የኖሩ ሰው ነዎት። እርስዎም ቀበቶዎን ከፍ እያደረጉ፣ ሆድ የሌለውን ነጋዴ ማን ያምነዋል ይሉ ነበር። ስለዚህ የልጁ ሆድ ሲወጣ ደስ አለን። የአያቱን ሆድ ወረሰ አልን። ታዲዮስ እንኳ፣ እሱ ራሱ እንጨት የመሰለ ሰው፣ እንግዳ ሲመጣ የልጁን ሸሚዝ ገልጦ ያሳይ ነበር። እርስዎማ መስቀል በመጣ ቁጥር ከጎንዎ አስቀምጠው ሆዱን መታ መታ እያደረጉ፣ ሱቁን የሚረከበኝ ይኸው ይላሉ። ልጁም ከዚያ በላይ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ያኔ ያላየሁት ነገር አሁን ሁሉ ይታየኛል። እጁና እግሩ ቀጫጭን ነበር። ሳያት ሸረሪት እያለች ትጠራዋለች፣ እኔ ደግሞ ወንድምሽን አትሳደቢ ብዬ እቆጣታለሁ። የምሳ ዕቃው ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ጠገብኩ ሲለኝ፣ በዚህ ሁሉ ሆድ ውስጥ ቦታ ጠፋ ብዬ እስቅበታለሁ። በጀርባው ሲተኛ እንኳ ሆዱ አይወርድም። የትምህርት ቤት ሱሪው አልቆለፍ ሲለው ማዞሪያው ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ላስቲክ አደረገለት። ሕመም የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ሲሮጥ ይውላል። ያላመመውን ልጅ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል? ሐኪሟም ኋላ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ዓመት ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል ብላኛለች።

ከዚያ መስቀል ደረሰና መጣን። የዘንድሮው በሬ ሰብቶ ነበር፤ እንኳን ልጅ እኔም ከልክ በላይ በልቻለሁ። ቃሌ ከእርስዎ ጎን ሆኖ ክትፎውን በቆጮ ይበላል፤ እርስዎ በጨመሩለት ቁጥር አያቴ ቅር እንዳይላቸው ብሎ ይውጣል። በማግስቱ ሆዴን ቆረጠኝ አለ። ሁላችንም ሣቅን። ክትፎ ነው ተባለ፣ መስቀል ነው ተባለ። ሕመሙ መጥቶ ይሄድ ነበር፤ ሲመጣበት እጥፍ ብሎ ሆዱን ይይዛል፣ ሲለቀው ተነሥቶ ከልጆቹ ጋር ይሮጣል። ሲደጋገምበት ነው እርስዎ ኮሶውን ያመጡት። ከመስቀል በኋላ ኮሶ መጠጣት የቤታችን ልማድ ነው፤ እኔንም ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን ይዘው አጠጥተውኛል። የከተማ ኪኒን ትሉን ያስተኛዋል እንጂ አያወጣውም አሉ። ማንም አልተከራከረዎትም። ጭንቅላቱን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህን አይርሱ። ልጁ ገና ሳይጨርሰው አስመለሰው፣ አብዛኛው መሬት ላይ ነው የቀረው። እርስዎ ደግመው ሊሰጡት ሲሉ እማዬ ተዉት አሁን ይበቃዋል አለች። እግዚአብሔር ይስጣት።

ስንመለስ ወሊሶ ላይ ለስላሳ ጠጣና ወዲያው አስመለሰው። መኪና ነው አልን። ለሁሉም ነገር ስም አናጣም ነበር። ቤት ገብተን አላርፍ ሲል ሰፈር ወዳለችው ክሊኒክ ወሰድኩት። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፣ ስማቸውን አላነሣም። ሰገራ አምጣ አሉት፤ ሰገራ ከየት ይምጣ። ደም ቀዱት፣ ሆዱን ከላይ ከላይ ነካ ነካ አደረጉና አሜባ ሳይሆን አይቀርም ብለው ኪኒን ሰጡን። እዚህ ከተማ ሆዱን አሞት ሄዶ አሜባ የለብህም ተብሎ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ግድግዳ የምንጋራትን የሺእመቤትን ያውቋታል፤ ያቺን የቸርች ሰው፣ መዝሙሯ እንቅልፍ ነሳኝ የሚሏትን። መጥታ እጇን ሆዱ ላይ ጭና ጸለየችለት። እኔም አልከለከልኳትም፣ በዚያ ሰዓት ማንም ይጸልይ። ጸሎቷን ስትጨርስ ዓይኗን ገልጣ፣ ራኬብ እኔ የበኩሌን አድርጌያለሁ፣ ይህ ሆድ ግን እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው አለችኝ። እውነቷን ነበር። የሚያስመልሰው ነገር አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ከታችም ምንም ነገር መውጣት አቁሟል። ቆዳው ከመወጠሩ የተነሣ ያብለጨልጫል። ታዲዮስ ሱቁን ለሳያት ጥሎላት መጣና ተሸክሞት እስከ አስፋልቱ ሮጠ። ያ ቀጭን ሰው ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ራይድ ጠርተን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን አንዲት ወጣት ሐኪም ናት፤ ስሟ ናዝራዊት ይባላል። ልጅ እግር ስለሆነች መጀመሪያ ልቤ አላመናትም፤ ትልቅ ሰው የለም ወይ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን እጇን ሆዱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች፣ ማዳመጫዋንም አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ይህ ሆድ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው ብላ ጠየቀችኝ። ይታይዎት፣ ልጄ እያቃሰተ ኩራት ቢጤ ያዘኝና፣ ይሄማ የአያቱ ነው፣ ወርሶ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አልሣቀችብኝም፣ አልተቆጣችኝምም። እስቲ ውስጡን እንየው ብቻ አለችኝ።

በአልትራሳውንድ ሲያዩት ሆዱን የሞላው ስብም አይደለም፣ ምግብም አይደለም፣ ትልም አይደለም፤ ውሃ ነው። አንጀት የተያያዘበት ስስ ነገር አለ፤ በሬ ሲታረድ እርስዎም አይተውታል፣ አንጀቱን ከጀርባው ጋር የሚይዘው። እሱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በቅሏል። ልጁ ማሕፀን ውስጥ ሲፈጠር አብሮት የተፈጠረ ነው አሉ፤ ልጁ ሲያድግ ከረጢቱም እያደገ ኖረ። ብዙ ሐኪም እንዲህ ያለውን ልጅ አንድም ቀን ሳያይ ጡረታ ይወጣል ብለውኛል። ከረጢቱ ሲከብድ ዞረ፣ ሲዞርም አንጀቱን ይዞ ዞረ፤ አንጀቱ ተጠማዝዞ ታነቀ። ላላ ሲል ሕመሙ ይተወዋል፣ ጠበቅ ሲል ይመለስበታል። መጨረሻ ላይ አልላላ አለ።

ዛሬውኑ ካልተቀደደ አንጀቱ ይሞታል፣ እሱ ከሞተ ደግሞ ልጁን ለማትረፍ ይከብደናል አሉን። ታዲዮስ ፈርም ሲሉት እስክሪቢቶው ከእጁ ወደቀ፤ እኔ ፈረምኩ። ሰው ሁሉ ራኬብ ጀግና ናት ብሎ አውርቶልዎት ይሆናል፤ ውሸት ነው። ፈርሜ ስጨርስ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጥኩ፣ ያነሡኝም ሰዎች ናቸው። አባቴ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ዶክተር ገመቹ የሚባል ረጅም ሰው ነው። ሲወጣ መጀመሪያ ልጁ ደኅና ነው አለን፤ ሌላውን ከዚያ ነው የነገረን። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜ ይስጠው። ያወጡትን በሳህን አሳየን፣ ትልቅ ጥቅል ጎመን ያህላል። ይህን ሁሉ ዓመት ለእንግዳ ስናሳየው የኖርነው እሱን ነው። ከአንጀቱም የጠቆረውን ቆርጠው አውጥተው ደኅናውን ከደኅናው ጋር ሰፍተውታል። የቀረው አንጀት ይበቃዋል፣ ይበላል፣ ያድጋል ብሎናል።

አሁን እርስዎ ሲፈሩት የቆዩት ጋ ደረስኩ። ዶክተሩን ስለ ኮሶው ጠየቅሁት። ሽንገላ እንደማይወዱ ስለማውቅ ያለኝን እንዳለ አስቀምጣለሁ። ኮሶው ከረጢቱን አላመጣውም፤ ከረጢቱ ከልጁ እኩል ነው የተወለደው። አንጀቱንም ኮሶው አላጠፈውም፤ ልጁን የቆረጠው ኮሶው ገና ጓዳ ሳለ ነው። ክትፎውም ምንም አላደረገው። ነገር ግን አንጀት በተዘጋበት ሰው ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን አንጀቱን ሊበሳው ይችል ነበር ብሎኛል። አስመለሰውና ተረፈ። ስለዚህ እርስዎ ልጁን አልገደሉትም። ሆዱን የሚቆርጠውን ልጅ ግን ከእንግዲህ ኮሶ አናጠጣም፣ እርስዎም አያጠጡም፣ እኔም ጭንቅላት አልይዝም። ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚጨመርበትም የሚቀነስለትም የለም። ከዚህ በላይ ራስዎን የሚከሱ ከሆነ በሐሰት ነው የሚመሰክሩት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለውን ቢያዩ ደግሞ ይሥቁ ነበር። አንጀቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ውሃ እንኳ በአፉ አይገባም፣ በጉሉኮስ ብቻ ነው የሚኖረው። ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው ደግሞ፣ በትልቅ ሰው ፊት ማለት ባይገባኝም፣ በፈስ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ተከታትለው ይመጡና አየር ወጣ ወይ ይላሉ። አልወጣም እንላለን። ከጎናችን ያለች አንዲት የሰበታ ሴት የገዛ ልጇን ትታ የእኔን ልጅ አየር መጠበቅ ያዘች፤ ከውጭ በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ቃሌ አፍሮ አንሶላውን ፊቱ ላይ ይስባል። ታዲዮስ ደግሞ ልጁ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እባክህ አንዴ ብቻ እያለ ይለምነዋል። አንድ ቀን ምሳ ሳይደርስ ወጣ። ክፍሉ በሙሉ እልል አለ፤ ነርሷ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ ገባች። ታዲዮስ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም ሣቅሁ አለቀስኩ፣ የትኛውን እንዳደረግሁ አላውቀውም።

ሆስፒታል በከረምንበት ጊዜ ሱቁን የያዘችው ሳያት ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትከፍታለች፣ የዕድር ሴቶች ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየተፈራረቁ ይቀመጡላታል። ምግብ አልቸገረንም፤ ከየቤቱ ይመጣል፣ የሺእመቤትም ልብሳችንን አጥባ ታመጣልናለች። ከአሁን በኋላ መዝሙሯን እንቅልፍ ነሳኝ ብለው ቢያሟት ከእኔ ጋር ይጣላሉ። አሁን ቃሌ ሆዱ ልጥፍ ብሏል። ጠባሳው ከእምብርቱ በላይ ጀምሮ ቁልቁል ወርዷል፤ ለጓደኞቹ በጩቤ ተወግቼ ነው ብሎ እንዳወራ ከአስተማሪው ሰማሁ። ሲበላ ደግሞ አይጣል ነው፤ ይህ ልጅ ለካ እስካሁን ተርቦ ነው የኖረው።

እስከዚህ የጻፍኩት ስለ ልጁ ነው። አሁን ስለ እርስዎ ነው፣ ቀስ ብለው ያንብቡት።

እማዬ አባትሽ አይበላም ስትለኝ ጸጸት ነው አልኩ። ዘመዱ ሁሉ የሚለው እሱን ነው፤ ወልደሰንበት በልጅ ልጁ ምክንያት ራሱን እየቀጣ ነው ይላል፣ እንዲያውም ያደንቅዎታል። እኔም ልጁ ሲድን ይበላል ብዬ ተቀመጥኩ። ልጁ ዳነ፣ መዳኑን ሰሙ፤ እርስዎ ግን አልበሉም። ባለፈው እሑድ እማዬን በእርጋታ ጠየቅኋት። አይፈልግም ነው ወይስ አይወርድለትም አልኳት። ሁለት ሦስት ጉርሻ ይበላና ጠገብኩ ይላል አለችኝ። ክንዱ መንምኗል፣ ፊቱ ገብቷል፣ ሆዱ ግን ጨምሯል፣ ቀበቶውን አላልቶ ነው የሚያስረው አለችኝ። ደግሞም ይህ ከመስቀል በኋላ የመጣ አይደለም። ክረምቱን ሁሉ ከመኝታዎ ሲነሡ ጎንዎን ይዘው እንደሚያቃስቱ፣ ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብለው እንዳስማሏት ያን ቀን ነው ያወጣችው። አይቆጧት፣ እኔ ነኝ የጨቀጨቅኳት።

እማዬ ያለችውን ሁሉ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፣ ከራሴ አፍ፣ ስለ ቃሌ። የልጁን ሆድ ውርስ ነው ብለን ልናጣው ነበር፤ የእርስዎን ደግሞ ሐዘን ነው ብለን ቁጭ ብለናል። ነገ ዛሬ ሲባል የነቢያት ጾም ይገባል፤ ያኔ አለመብላትዎን ጾሞ ነው ይሉታል፣ ጠያቂም አይኖርዎትም።

ትናንት ማክሰኞ ቃሌን ለቀጠሮ ስወስደው ዶክተር ናዝራዊትን አገኘኋትና ስለ እርስዎ ነገርኳት። የልጁ በሽታ ከእርስዎ የመጣ አይደለም፣ ይህ በዘር የሚሄድ ነገር አይደለም አለች። ነገር ግን በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው እየከሳ ሆዱ ከጨመረ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት አለች። ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ብለምናት፣ ሳላየው አልናገርም አለችኝ። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ከባድም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም አባቴ፣ ፈርቻለሁ። ልጄን ሲቀድዱት ኮሪደሩ ላይ የያዘኝ ፍርሃት ይኸው ተመልሶ ይዞኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። አነስ ዕቃውን አራግፎ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ይዞልዎታል፣ በመስኮቱ በኩል። ጋቢዎን ይልበሱ። እማዬም ላሟን ለጎረቤት ሰጥታ አብራ ብትመጣ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ ኮሶ ቢሉ፣ ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር ቢሉ፣ አፍዎ እንዳይገባ። የሚያስመልስዎ ከሆነና ከታችም ምንም መውጣት ካቆመ ቅዳሜን አይጠብቁ፤ ጎረቤቶቹ በዚያው ሰዓት ወልቂጤ ሆስፒታል ያድርሱዎት፣ እኔም እዚያው እደርሳለሁ።

ልጁን በድያለሁ ብለው ካመኑ ካሣው ይህ ነው፤ መጥተው ይታዩልኝ። አልበደልኩም ካሉም ይምጡ። በእኔ ተናድደው ከሆነ እስከ ሰበታ ድረስ አነስ ላይ ይጩኹበት፣ እሱ ቻይ ነው፣ ግን ይምጡ። ሰው ምን ይለኛል አይበሉ፤ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ሆድዎን ሲያደንቅ ነው የኖረው፣ ከሰው ምን አገኘን? ልጄ ተርፎልኛል። ከዚህ በኋላ አባቴን ሐዘን ነው እያልኩ ሳየው ብቀር እኔ በምን አንጀቴ እኖራለሁ?

ታዲዮስ ጉልበትዎን ስሞ ሰላም ይላል፤ ቅዳሜ ሱቅ አልከፍትም፣ ማዞሪያው ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ ብሏል። ሳያት ለእርስዎም ለእማዬም ናፍቆቷን ልካለች፣ መኝታዋን ለእርስዎ ለቃ ከእኔ ጋር ልትተኛ ተስማምተናል። የሺእመቤት እጸልይላቸዋለሁ ብላለች፤ እምቢ ማለት አይቻልም፣ ጀምራለች። እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ፣ ስለነገረችኝ እንዳትጸጸት ይበሏት። ጎረቤቶቹንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ቃለጽድቅ የቤት ሥራውን ትቶ አጠገቤ ቆሟል። ለአባባ ብለሽ አንድ ነገር ጻፊልኝ ይላል። ለምርመራው ሆድ ላይ የሚቀቡት ነገር በጣም ይቀዘቅዛል፣ እኔ ደንግጬ ጮኼ ነበር፤ አባባ እንዳይደነግጡ ከአሁኑ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያምም፣ እጃቸውን እኔ እይዛለሁ ብሏል።

ልጅዎ ራኬብ ወልደሰንበት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ 18 ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.